በፍላሽ የመጣ ፓኬጅ ከመጫኑ በፊት፦ ዓይነቱን እንዴት እናጣራ?

ጅማ ላይ ሊኑክስ ለሚጠቀም ሰው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሰው እጅ ነው። አንዱ ዋይፋይ ያገኘበት ቁጭ ብሎ ያወርዳል። ለጓደኛው በቴሌግራም ይልካል። ጓደኛው በፍላሽ ለዶርም ልጆች ያድላል፤ ከነሱ አንዱ ደግሞ ቅዳሜ ከኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ሲወጣ ሂርማታ ሰፈር ላለ ዘመዱ ይዞለት ይሄዳል። ዳታ ገንዘብ ነውና ይሄ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ተዉት አልልም። ችግሩ ፋይሉ አራተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ መጥፋቱ ነው። ስሙ ላይ «.ዴብ» (ለመጫን የታሸገ ፕሮግራም፣ ማለትም የፓኬጅ ምልክት) ይላል፣ በቃ። ሰውየው ሁለቴ ክሊክ ያደርጋል፣ ፓስወርድ ይጠየቃል፣ ይሰጣል።

ከዛች ክሊክ በፊት ምን መደረግ እንዳለበት ነው የምጽፍላችሁ። በኡቡንቱ፣ በሚንትና በዴቢያን ላይ አተኩራለሁ፤ እኔ ጋ የሚመጡት ማሽኖች በብዛት እነሱ ናቸው። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ አድርጌ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ስትጽፉ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ጭረቱና ነጥቡ እንዳለ ይቀመጣል።

ማሽኑ ራሱ አያጣራም እንዴ?

ያጣራል፣ ግን የራሱን ብቻ። «አፕት» የሚባለው መጫኛ ኢንተርኔት ላይ ካለው ከራሱ ማከማቻ ሲያወርድ የፓኬጆቹ ዝርዝር የተፈረመበት ነው። ዝርዝሩ ላይ የእያንዳንዱ ፓኬጅ የሃሽ ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) አለ፤ የወረደው ፋይል ከቁጥሩ ጋር ካልገጠመ አይጭነውም። ከፍላሽ አንስታችሁ የምትሰጡት ፋይል ላይ ግን ይሄ ሁሉ የለም። «አፕት» መጀመሪያ የሚያየው የፋይሉ ስም በ«.ዴብ» ማለቁን ነው። ካላለቀ አልቀበልም ይላል። ካለቀ ይከፍተዋል፤ ቅርጹ ደህና ከሆነ ይጭነዋል። ማን ሠራው፣ ከየት መጣ፣ መንገድ ላይ ተነካክቷል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ያንን የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ።

መጀመሪያ፦ ፍላሹ ላይ እያለ አትክፈቱት

ሆም ውስጥ አንድ ፎልደር ክፈቱ፣ «ማረፊያ» በሉት። ከውጭ የመጣ ፋይል ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ያርፋል። ከፍላሽ ላይ ቀጥታ ስትጭኑ ፍላሹ ትንሽ ቢነቀነቅ ሥራው መሃል ላይ ይቀራል፤ እሱ አንድ ነገር ነው። ሌላው ሾርትከት ቫይረስ ነው። ፍላሽ ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ፎልደሮቹ ይጠፉና በቦታቸው ቀስት ያለባቸው አቋራጮች ይደረደራሉ። አቋራጩ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይሠራም፣ ግን ፋይል መስሎ ይቀመጣል። ስሙ ከፊት «.ዴብ» ብሎ መጨረሻው ላይ «.ኤልኤንኬ» የሆነ ነገር ታገኛላችሁ። ዊንዶውስ ይሄን የመጨረሻውን ስለሚደብቅ የሰጣችሁ ልጅ «.ዴብ» የሚለውን ብቻ ነው ያየው። አልዋሸም።

ኮፒ ካደረጋችሁ በኋላ ተርሚናል ከፍታችሁ ወደ ማረፊያው ግቡና «ኤልኤስ -ኤልኤ» በሉ። ሙሉ ስሙን፣ የተደበቀውን ሁሉ፣ መጠኑንም በባይት ያሳያችኋል። መጠኑን ልብ በሉ። የቢሮ ሥራ ፕሮግራም ነው ተብሎ የመጣ ፋይል 14 ኪሎባይት ከሆነ ነገሩ ከወዲሁ ይሸታል። ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ ወይም ቅንፍ ካለ (ሁለቴ የወረደ ፋይል እንደዛ ይሆናል) የስሙን መጀመሪያ ጻፉና ታብ ተጫኑ፤ የቀረውን ተርሚናሉ በሚገባ ይሞላላችኋል።

ቀጥሎ፦ ውስጡን ጠይቁ

«ፋይል ስሙ.ዴብ» ብላችሁ ኢንተር ምቱ፤ «ስሙ.ዴብ» ባልኩበት ሁሉ የራሳችሁን ፋይል ስም አስገቡ። አዎ፣ ትእዛዙ ራሱ «ፋይል» ነው የሚባለው። ይሄ ትእዛዝ ስሙን አያምንም። ውስጡ ገብቶ መነሻው ላይ ያሉትን ባይቶች ያነብና ከሚያውቃቸው ምልክቶች ጋር ያስተያያል። ዴብ ማለት «ኤአር» የሚባል የድሮ የዩኒክስ መዝገብ ነው፤ ስለዚህ ሁሌም በቃለ አጋኖና በቅንፍ በተከበበ «አርች» በሚል ምልክት ይጀምራል። ዚፕ በ«ፒኬ» ይጀምራል። የዊንዶውስ ማስኬጃ ደግሞ በ«ኤምዜድ»። ሁለቱም የሰው ስም መነሻ ፊደላት ናቸው፦ ፊል ካትዝ እና ማርክ ዝቢኮውስኪ። ሰዎቹ ፊርማቸውን በዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ላይ አኑረው ሄዱ።

መልሱ «ዴቢያን ባይነሪ ፓኬጅ፣ ፎርማት 2.0» ካለ ወደሚቀጥለው እለፉ። «አርፒኤም» ካለ ፓኬጁ የፌዶራና የቤተሰቦቹ ነው፤ «ኤሊየን» በሚባለው መሣሪያ ወደ ዴብ ቀይሩት የሚል ምክር ታገኛላችሁ፣ እኔ አልመክርም፤ የዴቡን ሥሪት ፈልጉ። «ፒኢ32» ካለ የዊንዶውስ ኢኤክስኢ ነው፤ ስሙ «.ዴብ» ሆኖ ውስጡ ኢኤክስኢ የሆነ ፋይል በደህና አልመጣምና አጥፉት። «ዚፕ» ካለ ምናልባት አንዱ ጠቅልሎት ነው፤ እዛው ማረፊያው ውስጥ ፍቱትና የወጣውን እንደገና ጠይቁ። «ዳታ» ብቻ ካለ ትእዛዙ አላወቀውም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ይሄ የሚሆነው ፍላሹ ኮፒው ሳያልቅ ሲነቀል ነው፤ ስምና መጠን ይቀመጣል፣ ውስጡ ግን ዜሮ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለሰው ስትሰጡም መጀመሪያ «ኢጀክት» አድርጉ፣ ከዛ ንቀሉ።

ሰውን በጣም የሚያደናግረው መልስ ግን «ኤችቲኤምኤል ዶክዩመንት» ነው። በእጃችሁ ያለው የዌብ ገጽ ነው ማለት ነው። የዌብ ገጽ እንዴት «.ዴብ» የሚል ስም ያገኛል? ካምፓስም ሆነ ሆቴል፣ ዋይፋይ ላይ መጀመሪያ ስምና ፓስወርድ የሚጠይቅ ገጽ አለ አይደል? ሰዓታችሁ ሲያልቅ ዋይፋዩ ጨርሶ አያቋርጣችሁም፤ የምትጠይቁትን ሁሉ ወደዛች መግቢያ ገጽ ያዞረዋል። ፓኬጅ እንዲያወርድ ያዘዛችሁት ፕሮግራም ገጿን ተቀብሎ በፓኬጁ ስም ያስቀምጣታል። ሊንኩ «ኤችቲቲፒኤስ» ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሰርተፊኬት ስህተት ብሎ ይቆማል፤ በድሮው «ኤችቲቲፒ» ከሆነ ወይም ማስጠንቀቂያውን «ግድ የለም» ብላችሁ ካለፋችሁት ግን ጸጥ ብሎ ይወርዳል። ሌላው መንገድ ይበልጥ ቀላል ነው፦ የፋይሉን ሊንክ ኮፒ በማድረግ ፋንታ «ዳውንሎድ» የሚለውን ገጽ ሊንክ ኮፒ አድርጎ «ደብሊውጌት» የሚባለው የማውረጃ ትእዛዝ ላይ መለጠፍ።

ያወረደው ልጅ ይመጣና «ጋሼ፣ እኔ ጋ እኮ መቶ ፐርሰንት ብሎ ነው የጨረሰው» ይላል። እውነቱን ነው። ገጿ መቶ ፐርሰንት ወርዳለች። «ሄድ ስሙ.ዴብ» በሉለት፤ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ስታሳዩት የገጿን ርዕስ ራሱ ያነበዋል።

ከመነሻው ባሻገር

እዚህ ላይ ብዙ መመሪያ የሚያልፈው ነገር አለ። «ፋይል» የሚያነበው መነሻውን ነው። ግማሽ መንገድ ላይ የተቋረጠ ዴብ መነሻው ደህና ስለሆነ ፈተናውን ያልፋል! መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ስለሚሄድ እንዲህ ያለ ፋይል እኛ ጋ ብርቅ አይደለም።

ስለዚህ ሙሉውን የሚያነብ ሁለተኛ ፈተና ስጡት፦ «ዲፒኬጂ-ዴብ --ኮንተንትስ ስሙ.ዴብ»። ይሄ ፓኬጁን ሳይጭን እስከ መጨረሻው እየፈታ ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ይዘረዝራል። ፋይሉ ጎዶሎ ከሆነ ዝርዝሩ መሃል ላይ ይቆምና ስህተት ይጥላል። ጎዶሎን ፋይል መጠገን የለም፤ እንደገና ማውረድ ነው። «ደብሊውጌት -ሲ» ካቋረጠበት ስለሚቀጥል ዳታችሁን ከዜሮ አታቃጥሉ።

ዝርዝሩ ሲወጣ ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ ዓይናችሁን ጣል አድርጉበት። ጤነኛ ፕሮግራም ፋይሎቹን በብዛት «ዩኤስአር» ወይም «ኦፒቲ» ሥር ነው የሚያስቀምጠው። የጽሑፍ ማረሚያ ነው የተባለ ፓኬጅ «ኢቲሲ» ሥር ባለው «ሱዶርስ.ዲ» (ማን የአስተዳዳሪ ሥልጣን እንደሚያገኝ የሚወስነው ፎልደር) ውስጥ ፋይል ካለው፣ ወይም «ሆም» ውስጥ የሰው ፎልደር ላይ የሚጽፍ ከሆነ፣ አይ፣ ይሄን አልፈልገውም በሉ።

አንድ ስህተት ግን እንዳያሳስታችሁ። «የማላውቀው መጨመቂያ ነው» የሚል መልእክት ከመጣና የፋይል ስም መጨረሻው «.ዜድኤስቲ» ከሆነ ፓኬጁ አልተበላሸም። ኡቡንቱ ከ21.10 ጀምሮ ፓኬጆቹን ዜድስታንዳርድ በሚባል ዘዴ ነው የሚጨምቃቸው። ዴቢያን 11 ላይ ያለው «ዲፒኬጂ» ይሄን አይፈታም፤ ዴቢያን 12 ይፈታል። በቃ ፓኬጁ ለሌላ ሥሪት የተሠራ ነው።

ለኔ ማሽን ነው የተሠራው?

ዓይነቱ ዴብ ነው፣ ሙሉ ነው፣ ጥሩ። አሁን «ዲፒኬጂ-ዴብ --ኢንፎ ስሙ.ዴብ» በሉ። የፓኬጁ ስም፣ ሥሪቱ፣ የሚፈልጋቸው ሌሎች ፓኬጆች ይመጣሉ። የፋይሉን ስም ማንም ሊቀይረው ይችላል፤ እዚህ ላይ ያለውን «ፓኬጅ» የሚለውን መስመር ነው ማንበብ ያለባችሁ። ፋይሉ «ቪኤልሲ» ተብሎ ይሄ መስመር ሌላ ስም ካለው ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ «አርኪቴክቸር» የሚለውን ፈልጉ። ከሱ ጋር «ዲፒኬጂ --ፕሪንት-አርኪቴክቸር» የሚለው ትእዛዝ የሚመልሰውን አስተያዩ። ዛሬ አብዛኛው ላፕቶፕ «ኤኤምዲ64» ነው። «የኔ ኢንቴል ነው፣ ኤኤምዲ አይሆነኝም» ብሎ ትክክለኛውን ፋይል የሚመልስ ሰው አለ። ይሆናችኋል፤ ባለ 64 ቢቱን አሠራር መጀመሪያ ያወጣው ኤኤምዲ ስለሆነ ነው ስሙ የቀረው። «አርም64» ግን ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ነው፤ ለፕሮጀክት ራስበሪ ፓይ የገዙ ተማሪዎች ባለ 64 ቢት ሲስተም ከጫኑ የሚፈልጉት ያንን ነው። «ኦል» የሚል ከሆነ ሁሉም ላይ ይሄዳል።

ከዛ «ዲፔንድስ» የሚለው ረጅም መስመር አለ። ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም። «ሊብሲ6» የሚለውን ብቻ ፈልጉና ከጎኑ ያለውን ቁጥር እዩ። እሱ ፓኬጁ የሚፈልገው ዝቅተኛ የሲስተም ላይብረሪ ሥሪት ነው። የናንተን «ኤልዲዲ --ቨርዥን» ይነግራችኋል፦ ዴቢያን 11 ላይ 2.31፣ ኡቡንቱ 22.04 ላይ 2.35፣ ዴቢያን 12 ላይ 2.36፣ ኡቡንቱ 24.04 ላይ 2.39። ሚንት 21 በኡቡንቱ 22.04 ላይ፣ ሚንት 22 በ24.04 ላይ የቆሙ ስለሆኑ እንደነሱ ቁጠሩት። ፓኬጁ 2.38 ከፈለገና የናንተ 2.35 ከሆነ አይጫንም። እዚህ ላይ ሰው ሲበሳጭ የሚያደርገውን አውቃለሁ፦ ላይብረሪውን ብቻ ለይቶ ከሌላ ቦታ አምጥቶ ለመጫን ይሞክራል። እባካችሁ ተዉት። ማሽኑ ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል እሱ ላይ ነው የቆመው፤ እሱ ከተበላሸ ተርሚናሉ ራሱ አይከፈትላችሁም።

ስሞቹ መጨረሻ ላይ «ቲ64» የሚል ጭራ ካያችሁም ያው ነው፤ ለ24.04 ወይም ከሱ በኋላ ለመጣ ሥሪት የተሠራ ነው፣ በ22.04 ላይ እነዛ ስሞች የሉም።

ዴብ ያልሆኑት

እነዚህን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። «አፕኢሜጅ» ፓኬጅ ማኔጀር አይነካውም፤ ራሱን የቻለ ማስኬጃ ፋይል ስለሆነ «ፋይል» ስትሉት «ኢኤልኤፍ» ይላል። ኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ አልነሳ ካላችሁ ብዙ ጊዜ የጎደለው የድሮው «ፊውዝ» ላይብረሪ ነው። «ስናፕ» ፋይል «ስኳሽኤፍኤስ» ይላል፤ በፍላሽ የመጣ ስናፕ የፊርማ ሰነዱ አብሮት ካልመጣ ሲስተሙ «--ዴንጀረስ» የሚል ካልጨመራችሁ አልጭንም ይላል፣ ቃሉን ያስቀመጡት ለጌጥ አይደለም። «ታር.ጂዜድ» ምንም ሊሆን ይችላል፣ ሶርስ ኮድም፣ የተዘጋጀ ፕሮግራምም፤ ውስጡን ዘርዝሩና ሪድሚውን አንብቡ።

ፍላትፓክ ላይ ግን ትንሽ ልቁም። ሁለት ፋይል አለው። «.ፍላትፓክ» የሚለው ፕሮግራሙን የያዘ ነው፣ ትልቅ ነው። «.ፍላትፓክሬፍ» የሚለው ደግሞ ከየት እንደሚወርድ የሚናገር ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው። ይሄን ሁለተኛውን ለጓደኛ በፍላሽ መስጠት አድራሻ መስጠት ነው፤ ቤቱ ሄዶ ሲከፍተው ማሽኑ ሙሉ ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት ማውረድ ይጀምራል፣ የሞባይል ዳታውም አብሮ ይሄዳል። «ፋይል» ስትሉት «ቴክስት» ካለ በቃ ገባችሁ።

የማን ነው?

እስካሁን ያደረግነው ሁሉ የሚመልሰው «ይሄ ትክክለኛ ዓይነት ነው ወይ» የሚለውን ነው። ትክክለኛ ዓይነት የሆነ ፓኬጅ ክፉ ሊሆን ይችላል። ቫይረስ የሚሠራ ሰው ዴብ መሥራት አያቅተውም።

«ኤስኤችኤ256ሰም ስሙ.ዴብ» በሉ። 64 ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት መስመር ይሰጣችኋል። ከፕሮግራሙ ዋና ዌብሳይት ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። አንዲት ፊደል ብትለይ ፋይሉ ያ ፋይል አይደለም። የሰው ዓይን መሃሉን ስለሚዘል ኮፒ አድርጋችሁ በ«ግሬፕ» (የጽሑፍ መፈለጊያ ትእዛዝ) ፈልጉት እንጂ እያነበባችሁ አታመሳክሩ። ሃሹን የምታገኙት ከፋይሉ በተለየ መንገድ መሆን አለበት። በዚያው ፍላሽ ላይ «ሃሽ.ቲኤክስቲ» የሚል ፋይል አብሮ ቢመጣ ፋይሉ በኮፒ አለመበላሸቱን ይነግራችኋል፤ ፋይሉን የቀየረ ሰው ግን ሃሹንም መቀየር ይችላል። ሃሹን ለማየት ትንሽ ሜጋባይት ይበቃል፤ ገጹን በስልካችሁ ክፈቱት።

ዌብሳይቱ ሃሽ ካላወጣ ቢያንስ ከሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ያገኛችሁትን አስተያዩ። ፍጹም አይደለም፣ ከምንም ይሻላል።

ስክሪፕቶቹ

ዴብ ሲጫን ፋይል ብቻ አይደለም የሚያስቀምጠው። ከመጫኑ በፊትና በኋላ የሚሄዱ ስክሪፕቶች አሉት፦ «ፕሪኢንስት» እና «ፖስትኢንስት»፤ ሲነሳ ደግሞ «ፕሪአርኤም» እና «ፖስትአርኤም»። እነዚህ የሚሄዱት በሩት ሥልጣን ነው። ማለትም ፓስወርዳችሁን ስትሰጡ ማሽኑን በሙሉ ለነሱ ነው ያስረከባችሁት። ፕሮግራሙን አንድም ጊዜ ባትከፍቱት እንኳ ሥራቸውን ጨርሰዋል።

«ዲፒኬጂ-ዴብ --ኮንትሮል ስሙ.ዴብ ማያ» በሉ፤ «ማያ» የሚል ፎልደር ከፍቶ ስክሪፕቶቹን ያወጣላችኋል። በ«ሌስ» (የጽሑፍ ማንበቢያ ትእዛዝ) ክፈቷቸው። ሁሉንም መስመር መረዳት አይጠበቅባችሁም። ከኢንተርኔት ሌላ ነገር የሚያወርድ መስመር («ከርል» ወይም «ደብሊውጌት»)፣ «ቤዝ64» ብሎ የሚፈታ ትርጉም የለሽ ረጅም ጽሑፍ፣ አዲስ ተጠቃሚ የሚፈጥር፣ የሱዶ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን) ፈቃድ የሚነካ፣ እነዚህን ካያችሁ ቁሙ። አንዳንዱ ደህና ነው፤ ለምሳሌ የጉግል ክሮም ዴብ ወደፊት ራሱን ለማደስ የራሱን ማከማቻ ሲስተማችሁ ላይ ይጨምራል፣ ይሄ የታወቀ ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ካልኩሌተር ያንኑ ቢያደርግ ግን ምን ሊያመጣ ነው ማከማቻውን የፈለገው?

ሙከራ፣ ከዛ መጫን

ከመጫን በፊት በባዶ አስኪዱት፦ «አፕት ኢንስቶል --ሲሙሌት ./ስሙ.ዴብ»። ሱዶ አያስፈልገውም፣ ምንም አይቀይርም። የሚጨመሩትን ብቻ ሳይሆን «ይነሳሉ» የሚለውን ዝርዝር አንብቡ። አንድ ትንሽ ፕሮግራም ለመጫን ሙሉ ዴስክቶፑን ሊያነሳ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው።

ደህና ከሆነ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ./ስሙ.ዴብ»። ከስሙ በፊት ያለችውን ነጥብና ስላሽ አትርሱ፤ ያለሷ ፎልደራችሁን ትቶ ማከማቻው ውስጥ ይፈልግና የለም ይላችኋል። «የሚወርደው ይህን ያህል ሜጋባይት ነው፣ ልቀጥል?» ብሎ ሲጠይቅ ከዳታችሁ ጋር ተነጋገሩና መልሱ። መጨረሻ ላይ «_አፕት» የሚባል ተጠቃሚ ፋይሉን ማንበብ አልቻለም የሚል በ«ኤን» የሚጀምር መስመር ሊመጣ ይችላል። ማሳሰቢያ ነው፣ ስህተት አይደለም፤ ፋይሉ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ስላለ ነው።

«ዲፒኬጂ -አይ» የሚለውን የድሮ መንገድ ብዙ ሰው ይወደዋል። የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች አያመጣም፤ ከጎደሉ ፓኬጁን ግማሽ የተጫነ አድርጎ ይተወዋል፤ ከዛ ለመጠገን ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ስለሌለ አይደል ነገሩ ሁሉ የመጣው?

ጥገኞቹንም በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ተመሳሳይ ሥሪት ያለው ጓደኛችሁ ማሽን ላይ «አፕት-ጌት ኢንስቶል --ዳውንሎድ-ኦንሊ» ብላችሁ ስታወርዱ ፋይሎቹ «ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ» ውስጥ ይቀመጣሉ። ግን የሚያወርደው እሱ ማሽን ላይ የጎደለውን ብቻ ነው። እሱ ጋ ቀድሞ የነበረ ነገር እናንተ ጋ ከሌለ ቤት ስትደርሱ ይጎድላችኋል። የሲሙሌቱን ዝርዝር በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ብዙ ማሽን ለምትይዙ

የትምህርት ቤት ላብ ወይም የቢሮ ማሽኖች ኃላፊነት ያለባችሁ ይሄን ሁሉ በእጅ አትችሉትም። ትንሽ የሼል ስክሪፕት በቂ ነው። ስክሪፕቱ «ፋይል --ብሪፍ --ማይም-ታይፕ» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ «አፕሊኬሽን/ቪኤንዲ.ዴቢያን.ባይነሪ-ፓኬጅ» ከሆነና ስሙም በ«.ዴብ» ካለቀ ያልፋል። መጀመሪያ በምታምኑት ዴብ ሞክሩትና ማሽናችሁ የሚመልሰውን ቃል በቃል ተጠቀሙ። ከዛ «ዲፒኬጂ-ዴብ --ፊልድ» አርኪቴክቸሩን ያወጣል፣ ከማሽኑ ጋር ይነጻጸራል። ከዛ ሙሉውን የማንበብ ፈተና። ከዛ ሃሹ ቀድማችሁ ባጸደቃችሁት ዝርዝር ውስጥ መኖሩ። አንዱ ካልሆነ ፋይሉ «ውድቅ» ወደሚባል ፎልደር ይሄዳል፣ ምክንያቱም በአንድ መስመር ይጻፋል።

ስክሪፕቱን ስትጽፉ የሚያልፈውን ዘርዝሩ፣ የሚከለከለውን አይደለም። «ኢኤክስኢ ከሆነ ከልክል» ብላችሁ ብትጽፉ ያላሰባችሁት ሌላ ዓይነት ይገባል፤ «ዴብ ካልሆነ ከልክል» ካላችሁ ግን ያላሰባችሁት ሁሉ ውጭ ይቀራል። የፋይል ስም የያዘውን ቫሪያብል ሁሌ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት፣ ሰው ስሙ ላይ ክፍት ቦታ ይተዋል። ሌላው ረቂቅ ነገር፦ ተፈትኖ ሳለ ገና ሳይጫን ፋይሉን አንድ ተማሪ በሌላ ሊተካው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሩት ብቻ ወደሚጽፍበት ፎልደር ኮፒ ይደረግ፣ ፈተናው እዚያ ያለው ኮፒ ላይ ይካሄድ፣ የሚጫነውም ያው ኮፒ ይሁን።

ፓይተንና ስልክ

ለፓይተን ተማሪዎች፦ «.ደብሊውኤችኤል» ፋይል ውስጡ ዚፕ ነው፣ ዓይነቱ የሚነበበው ግን ከስሙ ላይ ነው። «ሲፒ310» ለፓይተን 3.10 ነው፣ ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው እሱ ነው፤ 24.04 ላይ «ሲፒ312» ነው። «ዊን» ካለበት የዊንዶውስ፣ «ማኒሊኑክስ» ካለበት የሊኑክስ። ስሙን ብታሳጥሩት «ፒፕ» ይመልሰዋል፤ ለማታለል ብትቀይሩትም ሊጫን ይችላል፣ ሲነሳ ግን ይወድቃል። ደብሊውኤችኤል ያልሆነ «ታር.ጂዜድ» ከሆነ ሲጫን የራሱን ኮድ ሊያስኬድ ይችላል፤ የማታውቁት ከሆነ አትጫኑት።

ስልክ ላይ ያለው «ኤፒኬ»ም ዚፕ ነው። «ኤክስኤፒኬ» ወይም «ኤፒኬኤስ» የሚል ከሆነ ብዙ ቁራጭ የተጠቀለለበት ስለሆነ ስልኩ በራሱ ብዙ ጊዜ አይጭነውም፤ ስሙን «ኤፒኬ» ብሎ መቀየር አይረዳም። አንድሮይድ 8 ከመጣ ወዲህ «ከማይታወቅ ምንጭ» የሚለው ፈቃድ ለየአፑ ነው የሚሰጠው፤ ለቴሌግራም የሰጣችሁት ካለ ሴቲንግ ገብታችሁ መልሳችሁ ዝጉት። ያለውን አፕ ልታድሱ ስትሉ ስልኩ ካልተቀበለው ፊርማው ስለማይገጥም ሊሆን ይችላል፤ አሮጌውን አጥፍታችሁ አዲሱን ከመጫናችሁ በፊት ለምን ፊርማው እንደተለየ አስቡ። የባንክና የገንዘብ መላኪያ አፕ ከሆነ ደግሞ በፍላሽም በቴሌግራምም አትቀበሉ፣ ከፕሌይ ስቶር ብቻ።

ያጣራችሁትን ፋይል ለሌላ ሰው ስትሰጡ በዚያው ስም አንድ የጽሑፍ ፋይል አብራችሁ ስጡት። ከየትኛው ዌብሳይት እንደወረደ፣ መቼ፣ ለየትኛው ሥሪት፣ አርኪቴክቸሩ፣ የሃሽ መስመሩ፣ እና ከእርሱ ጋር መሄድ ያለባቸው ሌሎች ፓኬጆች ስም። ተቀባዩ ሃሹን ራሱ ከዌብሳይቱ እንዲያይ ሊንኩንም ጨምሩለት።